በአንድ አድራሻ የተገኙ ትርፍና ኪሳራ

ይድረስ ለክቡር የካሚኖሴ የግብር ቢሮ ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ የሟች ባለቤቴን ስም ስለማጥራት

ክቡር ሆይ፣

የዝናቡ ወር ገብቶ በቢሮዎ አጥር ሥር ያሉት ሰማያዊ አበቦች በሚፈኩበት በዚህ ሰሞን፣ ለእርስዎና በሥርዎ ላሉት ሠራተኞች ሁሉ የተሟላ ጤና እመኛለሁ፤ በተለይም ዓይናችሁን ይጠብቅላችሁ። ዓይናችሁን ለይቼ ያነሣሁት፣ በከተማችን ውስጥ የእናንተን ያህል ሩቅ የሚያይ፣ ያየውንም የእናንተን ያህል መርጦ የሚናገር እንደሌለ በቅርቡ ስለተረዳሁ ነው።

ስሜ ቺዙሩ ኩሳካቤ ይባላል። ዕድሜዬ ሃምሳ ስምንት ነው። ልጅ የለኝም። ባለፈው የካቲት ባሌ ቴትሱሮ ኩሳካቤ ልቡ በድንገት ቆሞ ሞተብኝ። በካሚኖሴ አውቶቡስ ድርጅት ውስጥ ሠላሳ ስምንት ዓመት የጉዞ ሰዓት ሰሌዳ ሲያወጣ የኖረ ሰው ነው፤ ክቡርነትዎም በየትኛውም ፌርማታ ቆመው አውቶቡሱ በስንት ሰዓት ከስንት ደቂቃ እንደሚመጣ አንብበው ከሆነ፣ የእሱን ሥራ አንብበዋል ማለት ነው።

ትምህርቴ ጥቂት ነው። የማውቀውን ያወቅሁት ዓሣ ከተጠቀለለበት ጋዜጣ፣ በባንክ ደጃፍ በነጻ ከሚታደሉ ቀጫጭን መጻሕፍትና ከከተማችን ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ያነበብኩትንም በማስታወቂያ ወረቀት ጀርባ ላይ እየገለበጥኩ ነው ያጠናሁት። ስለዚህ የሕግ ቃል ከቦታው ተዛንፎ ቢያገኙ በትዕግሥት ያልፉት ዘንድ እለምናለሁ። በጋዜጣ መጻፌንም እንደ ድፍረት አይቁጠሩብኝ። መጀመሪያ በመስኮት ቀርቤ ጠየቅሁ፤ ቀጥሎም በአደራ ደብዳቤ ጠየቅሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ የተሰጠኝ መልስ “ለዚህ ጉዳይ የሚሆን ቅጽ የለንም” የሚል ነበር። ጋዜጣው ቅጽ አልጠየቀኝም።

የምለምነው አንድ ገጽ ወረቀት ነው። የዛሬ ስምንት ወር ቢሮዎ ለባሌ መሥሪያ ቤት በላከው ማስታወቂያ ምክንያት ባሌ በባልደረቦቹ ፊት ግብር የደበቀ ሰው ተባለ፤ ከአራት ወር በኋላም ይህ ስም ሳይነሣለት ሞተ። እሱ አልደበቀም። የደበቅሁት እኔ ነኝ፤ የደበቅሁትም ከእናንተ ሳይሆን ከእሱ ነው። ይህን የሚገልጽ አንድ ገጽ፣ ከነማኅተማችሁ፣ ለመሥሪያ ቤቱ እንዲላክልኝ እለምናለሁ። ጊዜዎን ላለማባከን ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር አስቀምጫለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ትጋታችሁ ላመስግን።

ባሌ እንደ ማንኛውም የሰፈራችን ባል ደመወዙን እንዳለ ያስረክበኝ ነበር፤ እኔም በወር ሃያ አምስት ሺህ የን የኪስ እሰጠው ነበር። ከአስቤዛው የሚተርፈውን ደግሞ እንደ ማንኛዋም የሰፈራችን ሚስት በመቀነቴ ስቋጥር ሃያ ዓመት አለፈኝ። ይህን የመቀነት ገንዘብ አንድ የውጭ ምንዛሪ አገበያይ ድርጅት ዘንድ አስገብቼ፣ የን በወደቀበት ዓመት ዶላር ገዛሁበት። ዶላር እንደሚወጣ የነገረኝ ባለሙያ የለም። የዘይትና የዱቄት ዋጋ በየሳምንቱ ሲጨምር አይ ነበር፤ ዘይቱም ዱቄቱም የሚመጣው ከባሕር ማዶ ነው፤ ከዚያ በላይ የሚያስመረምር ነገር አልነበረውም። ማለዳ እሱን እሸኛለሁ፣ ልብስ አሰጣለሁ፣ ከዚያ እስከ ምሳ ድረስ ስልኬን ይዤ እገዛለሁ፣ እሸጣለሁ።

ለዚህ ሁሉ ትልቅ ዓላማ ነበረኝ ብዬ አልዋሽም። ለእርጅናችን አስቤ ነው ማለት ይቻል ነበር፤ ጎረቤቶቼ ያሉትም ይህንኑ ነው። እውነቱ ግን በዚያ ቤት ውስጥ በስሜ የመጣ ነገር ይህ ቁጥር ብቻ ስለነበር፣ ሲያድግ ማየት ደስ ይለኝ ነበር። ዓመቱ ሲዘጋ ሦስት ሚሊዮን አንድ መቶ ሃያ ስድስት ሺህ አራት መቶ የን አተረፍኩ።

በመጋቢት ወር ቅጹን በእጄ ሞልቼ ወደ ቢሮዎ መጣሁ። የገዛኋቸውን ሁለት መጻሕፍት ዋጋ እንኳ ደረሰኙ ስለጠፋብኝ በወጪ አልቀነስኩም። ወረቀቱን የተቀበለችኝ ሠራተኛ ሁለት ጊዜ አገላብጣ ካየች በኋላ “ወይዘሮ፣ እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ወረቀት ከባለሙያዎቹ እንኳ አይመጣልንም” አለችኝ። በአውቶቡስ ስመለስ ይህንን ቃል ለራሴ እየደጋገምኩ ነበር። የከተማውን ድርሻ ጨምሮ ስድስት መቶ ሠላሳ አምስት ሺህ የን ገደማ ከፈልኩ፤ አንድ ቀን አላሳለፍኩም። በዚያ ዓመት ለመንግሥት እውነቱን ተናገርኩ። ለባሌ ግን ቀድሜ “ዜሮ” ብዬው ነበር።

፪. እንዴት “ዜሮ” እንዳልኩት ማስረዳት ይገባኛል፤ ነገሩ ሁሉ የተበላሸው እዚያ ላይ ነውና።

በዓመቱ መጨረሻ መሥሪያ ቤቶች ለየሠራተኛው የሚያስሞሉትን ወረቀት ባሌ እንደ ልማዱ ይዞት መጣ። ሚስት ገቢ ከሌላት ከባሏ ግብር ላይ ትንሽ ይቀነስለታል፤ በየዓመቱ እራት ከመቅረቡ በፊት ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ይሞላው ነበር።

“ስሚ፣ ያንቺ ገቢ ዘንድሮም ዜሮ ነው አይደል?” አለኝ።

“ከየት ይመጣል ብለህ ነው?”

“እንጃ፤ እኔ ስወጣ ባንክ ትዘርፊ እንደሆነ ብዬ ነው።”

ሳቅን። ዜሮዋንም የሰዓት ሰሌዳ በሚጽፍበት እጁ፣ ጫፍና ጫፏን አገናኝቶ፣ ክብ አድርጎ ጻፋት። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼው ጎመን እከትፍ ነበር። ገቢዬን ለብቻው፣ በስሜ፣ በሌላ ቅጽ ስለማሳውቅ ነገሩ በዚያው የሚያልቅ መስሎኝ ነበር። የእኔ እውነት የእሱን ወረቀት ሐሰት እንደሚያደርገው ካጠራቀምኳቸው ማስታወቂያዎች በአንዱም ጀርባ ላይ አልተጻፈም።

፫. ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ደብዳቤያችሁ ፍጥነት ነው። ከመጋቢት እስከ ጥቅምት ሰባት ወር ብቻ ነው የፈጀባችሁ፤ ለባሌ ወይም ለእኔ ሳይሆን በቀጥታ ለመሥሪያ ቤቱ መላካችሁም የቴምብር ወጪ ቆጥቦላችኋል ብዬ አስባለሁ።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሞቱ በኋላ ነው። በአርባ ዘጠነኛው ቀን መታሰቢያ ላይ ከድርጅቱ ሒሳብ ክፍል ዋኩይ የሚባሉ ሰው መጡ። ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ሻይ ቀርቦላቸው፣ እንግዳው ሁሉ ሲሄድ እሳቸው ግን አልተነሡም። ሲኒውን በእጃቸው ያዞሩታል። በመጨረሻም “ወይዘሮ፣ ያን ቀን ድምፄን ዝቅ ማድረግ ነበረብኝ” አሉኝ።

ማስታወቂያችሁ በደረሳቸው ዕለት ባሌን ወደ ጠረጴዛቸው ጠርተው ኖሯል። የምሳ ሰዓት ስለነበር ሹፌሮቹም እዚያው ነበሩ።

“ኩሳካቤ ሳን፣ ሚስትህ ሦስት ሚሊዮን አግኝታለች ይላል። አንተ ዜሮ ነው የጻፍከው። አታውቅም ነበር?”

ከሹፌሮቹ አንዱ ቀበል አድርጎ “ሰሌዳው ላይ ያልወጣ አውቶቡስ ነዋ!” አለ፤ ክፍሉ በሙሉ ሳቀ።

ባሌ ወረቀቱን አንሥቶ አነበበው፤ አስቀመጠው፤ እንደገና አንሥቶ አነበበው። “አውቅ ነበር” አለ። “መጻፉን ረስቼው ነው።”

ክቡር ሆይ፣ ይህ ሰው በሠላሳ ስምንት ዓመት አንዲት ደቂቃ ረስቶ አያውቅም፤ ክፍሉ ውስጥ ያሉትም ሁሉ ይህንን ያውቃሉ። ስለዚህ ማንም አላመነውም። ከፊቱ ሁለት መንገድ ነበረው፤ አላውቅም ብሎ ሚስቱ የደበቀችው ባል መሆን፣ አለዚያም አውቃለሁ ብሎ መንግሥትን ያታለለ ሠራተኛ መሆን። ሁለተኛውን መረጠ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሹፌሮቹ፣ አቶ ዜሮ እንደማለት፣ “ዜሮ ሳን” ይሉት ጀመር። “ዜሮ ሳን፣ የስድስት ሰዓቱ አውቶቡስ በስንት ሰዓት ነው የሚመጣው?” ይሉታል። እሱም “በስድስት ሰዓት” ይላል፤ ይስቃሉ። በዓመቱ መጨረሻ ግብዣ ላይም በዚሁ ስሙ ጽዋ አነሡለት። ዋኩይ ሳን እንደነገሩኝ እሱም ጽዋውን አንሥቶ ጎንበስ አለላቸው።

የጎደለው ግብር አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶ የን ነበር። ከደመወዙ ቢቆረጥ ወረቀቱ ላይ አየዋለሁና ባሌ ዋኩይ ሳንን ለምኖ ከኪስ ገንዘቡ በሁለት ወር ከፈለ። በእነዚያ ሁለት ወራት “ስሚ፣ የምሳ ዕቃዬ ላይ ሩዙን ጨመር አድርጊልኝ፤ የውጭ ምግብ ሰለቸኝ” ይለኝ ነበር። እኔም የእጄ ጣዕም ናፍቆት መስሎኝ፣ በየማለዳው እንቁላሉን ጠቅልዬ ስጠብስ ደስ እያለኝ ነበር።

፬. አሥራ ዘጠኝ ሺህ ሦስት መቶው የን እንደደረሳችሁ ተስፋ አደርጋለሁ።

፭. አምስተኛው ስለ ምስጢር ጠባቂነታችሁ ነው፤ ለዚህ የሚመጥን ምስጋና ከየት እንደማመጣ አላውቅም።

ባሌ ስድሳ ዓመት ሞልቶት ሥራውን በኮንትራት ሲቀጥል ከተከፈለው የአገልግሎት ገንዘብ ላይ ሦስት ሚሊዮን የን “ለጥርሴ” ብሎ ለብቻው አስቀርቶ ነበር። በግራ በኩል አምስት ጥርስ የለውም፤ በብሎን የሚታሰረውን ዓይነት ሊያስተክል ነበር። ጥርሱን አላስተከለም። “ለምጄዋለሁ፣ በቀኙ አኝካለሁ” ይላል። ሰነፍ ነህ እያልኩ ስጨቀጭቀው ከረምኩ። ከሞተ በኋላ ስልኩን ለማዘጋት ስከፍተው ያ ገንዘብ የት እንደገባ አየሁ። እሱም የውጭ ምንዛሪ ይነግድ ነበር። በዚያው ዓመት፣ በዚያው ዶላር ነው። እኔ ስገዛ እሱ ይሸጥ ነበር። የሰዓት ሰሌዳ ሰው ስለሆነ የዘገየ ሁሉ አንድ ቀን ይደርሳል ብሎ ያምናል፤ የንም መመለሱ አይቀርም ብሎ ጠበቀው። ሁለት ሚሊዮን ዘጠኝ መቶ ሰማንያ አራት ሺህ የን ከሰረ።

የእሱንና የእኔን የግብይት ቀናት ጎን ለጎን አስቀምጬ አንድ ሳምንት አነበብኩ። ማለዳ ማለዳ ስልኩን ይዞ መጸዳጃ ቤት ገብቶ ግማሽ ሰዓት ይቆይ የነበረው ሆዱን አሞት አልነበረም፤ እኔ ግን ክረምቱን ሙሉ ገንፎ በጎምዛዛ የፕለም ፍሬ ስሠራለት ነበር፤ እሱም ሳያማርር ይበላው ነበር። በመስከረም መንግሥት ራሱ የን ገዝቶ ዋጋውን ባስነሣ ዕለት ያለ ምንም በዓል የተጠበሰ የእባብ ዓሣ ገዝቶ መጣ። “ምን ተገኝቶ ነው?” አልኩት። “ለስላሳ ነው፤ ለጥርሴ ይስማማኛል” አለ። በዚያ ዕለት እኔ በአንድ ሰዓት ውስጥ አራት መቶ ሺህ የን አጥቼ ስለነበር ድርሻዬን ለእሱ አሳለፍኩለት። በጥቅምት ደግሞ አንድ ዶላር መቶ ሃምሳ የን ሲያልፍ ጥሩውን የበሬ ሥጋ ገዝቼ ሠራሁለት። ቀስ ብሎ፣ በቀኝ በኩል፣ እያንዳንዷን ጉርሻ ሲያኝክ ትዝ ይለኛል። “ጣፋጭ ነው” አለኝ። ያን ዓመት በቤታችን አንዱ ሲደሰት ሌላው መብላት አይችልም ነበር፤ ሁለታችንም ግን ሳህናችንን አጽድተን እንነሣ ነበር።

እዚህ ላይ ነው ክቡርነትዎን የማመሰግነው። አገበያይ ድርጅቶቹ የየደንበኛውን ትርፍም ኪሳራም በዓመቱ መጨረሻ ለእናንተ እንደሚያሳውቁ በቤተ መጻሕፍቱ አንብቤአለሁ። ስለዚህ የእኔ ትርፍና የባሌ ኪሳራ፣ በአንድ የቤተሰብ ስምና በአንድ የቤት ቁጥር፣ እናንተ ዘንድ ነበሩ። በዓለም ላይ ስለ ቤታችን ሁለቱንም የሚያውቅ የእናንተ ቢሮ ብቻ ነበር። ትርፌን ለመሥሪያ ቤቱ ነገራችሁ። ኪሳራውን ግን ለማንም አልተነፈሳችሁም። ኪሳራ ግብር ስለማይከፈልበት ማንንም ሥራ አያስፈታም፤ ይህንን እረዳለሁ። ነገር ግን ከሁለቱ አንዱን ለእኔ መናገር ካስፈለገ፣ እኔ የምመርጠው ያኛውን ነበር።

፮. ስድስተኛው በግንቦት ወር በመስኮታችሁ ስለተደረገልኝ መልካም መስተንግዶ ነው። የተቀበሉኝ ጡረታቸው የደረሰ የሚመስሉ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ኋላ ችግር እንዳይገጥማቸው የመስኮቱን ቁጥር ረስቼዋለሁ።

ሁለቱን ወረቀቶች ዘረጋሁላቸውና የባሌ ኪሳራ ከእኔ ትርፍ ላይ ይቀነስልኝ እንደሆነ ጠየቅሁ። አንድ ላይ ብንቆጠር የዚያ ዓመት ትርፋችን መቶ አርባ ሁለት ሺህ አራት መቶ የን ብቻ ነበርና።

“ወይዘሮ፣ ለዚህ ለዚህ ባልና ሚስት በሕግ ፊት ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው” አሉኝ።

“ሚስቱ ስላተረፈች የእሱ ተቀናሽ ሲሰረዝስ?”

ራሳቸውን እያሻሹ “እዚያ ላይ… እዚያ ላይ እንግዲህ አንድ ቤተሰብ ናቸው” አሉ።

“ኪሳራው ምንም አያገለግልም?”

“እሳቸው በሕይወት ቢኖሩ ኖሮ ያስመዘግቡትና በሦስት ዓመት ውስጥ ከሚያተርፉት ላይ ያካክሱት ነበር።”

“እሱ ሞቷል። ለእኔ አይተላለፍም?”

“ቤቱ ይተላለፋል። ዕዳ ካለባቸውም ይተላለፋል። ኪሳራ ግን አይተላለፍም።”

ይህን ሲሉ አንገታቸውን ደፉ፤ እሳቸው ያወጡት ሕግ አስመስለው አፈሩልኝ። ከዚያም ከጎናቸው ማንም እንደሌለ አይተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ “የኔም ሚስት ሳይኖራት አይቀርም፤ የመቀነት ማለቴ ነው። የማታስነካኝ መሳቢያ አለ” አሉኝ። “ስሟን እዚህ ማሽን ላይ መጻፍ ብቻ ነው የሚቀረኝ። ክልክል ነው። ባይከለከልም ግን አልጽፈውም።”

ለእኚህ ሰው ነው ስለ አንዱ ገጽ ወረቀት መጀመሪያ የነገርኳቸው። ተነሥተው ወደ ውስጥ ገቡ፤ ሩብ ሰዓት ያህል ቆይተው ተመለሱ። ቅጽ እንደሌለ የነገሩኝ እሳቸው ናቸው። “ግብሩ ተከፍሏል፤ ጉዳዩ ተዘግቷል፤ በእኛ በኩል በባለቤትዎ ላይ የቀረ ነገር የለም” አሉኝ። በእናንተ በኩል ምንም እንዳልቀረ አምናለሁ። በአውቶቡስ ጋራዡ ግን ቀርቷል።

፯. ሰባተኛውና የመጨረሻው በእናንተ ላይ የማቀርበው ቅሬታ አይደለም፤ ነገር ግን ከእናንተ ሌላ የምነግረው ስለሌለኝ በዚሁ ቁጥር ውስጥ እንዲገባልኝ እለምናለሁ።

ባሌ የእኔን ነገር በሰማበት በጥቅምቱ ቀን፣ አመሻሽ ላይ፣ ሁለት ጠርሙስ ቢራ ይዞ ገባ። ለሁለታችንም ቀዳ። እሱ ቀድቶልኝ አያውቅም፤ እኔ ነኝ የምቀዳለት።

“ስሚ” አለኝ። “ስለ ወደፊቱ… ስለ ገንዘብ ምናምን፣ የምታስቢው ነገር አለሽ?”

“ምን አስባለሁ። ምንም የለኝም። አንተስ?”

“እኔ? የአውቶቡስ ሰው ምን ሐሳብ አለው።”

“እንግዲያው ጠጣ፤ አረፋው እየሟሸሸ ነው” አልኩት።

ጠጣን። ስለ ጎረቤት ድመት አወራን። በሩን ከፍቶልኝ ነበር፤ እኔ የአረፋ ወሬ አወራሁበት። እኔም “አንተስ?” ስለው ሳላውቅ የእሱን በር ከፍቼለት ነበር፤ እሱም አልገባም። ያን ዕለት ከሁለት አንዳችን ብንናገር ኖሮ፣ ሁለታችንም አንዳችን የአንዳችንን ገንዘብ በዓለም ገበያ ዞረን ስንወስድ መክረማችንን አውቀን፣ ምናልባት እንስቅ ነበር። እሱ ቀልድ ያውቃል። ምን ብሎ እንደሚቀልድ ለማሰብ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልመጣልኝ አለ።

ክቡር ሆይ፣ እንግዲህ ማኅተም ያለበት ወረቀት ከእናንተ ካልተገኘ፣ ማኅተም የሌለውን እኔው እጽፈዋለሁ። ለካሚኖሴ አውቶቡስ ድርጅት ሠራተኞች በሙሉ፣ በተለይም ለሹፌሮቹ፦ ቴትሱሮ ኩሳካቤ የሚስቱን ገቢ አያውቅም ነበር። ጠየቃት፤ ዜሮ አለችው፤ አምኗት ጻፈ። “አውቅ ነበር፣ ረስቼው ነው” ያለው ውሸት ነው። እኔ የማውቃቸው ትልልቅ ውሸቶቹ ሁለት ናቸው፤ አንደኛው የጥርሱ፣ ሁለተኛው ይህ፤ ሁለተኛውን የዋሸው እኔ እንዳላፍር ብሎ ነው። ዜሮ የሚለው ስም የእኔ ነው። በፌርማታ ስታገኙኝ በዚሁ ብትጠሩኝ አቤት እላለሁ፤ እሱን ግን ከዛሬ ጀምሮ በስሙ ጥሩልኝ።

ለክቡርነትዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለቢሮዎ የተትረፈረፈ ገቢ፣ ለባለቤትዎም በእርስዎ ፊት ሁሉን የምትናገርበት አንደበት እየተመኘሁ፣ ግብሯን በሰዓቱ የከፈለችና ወደፊትም የምትከፍል፣ ለመንግሥት ዋሽታ የማታውቅ፣

ቺዙሩ ኩሳካቤ
የቴትሱሮ ኩሳካቤ ሚስት

ሳልረሳው፦ ማንኛውም ሰው እናንተ ዘንድ ያለ መዝገብ እንዲገለጥለት ሲያመለክት ሦስት መቶ የን እንደሚከፍል አንብቤአለሁ፤ የሦስት መቶ የን ቴምብር ለቢሮዎ በላክሁት ቅጂ ላይ አያይዣለሁ። ከሠላሳ አንድ ዓመት ሚስቱ ይልቅ እናንተ ታውቁት ስለነበር፣ ስለ ባሌ እኔ ያልሰማሁት ሌላ ነገር መዝገባችሁ ውስጥ ተርፎ ቢገኝ እንድትልኩልኝ እለምናለሁ። ትርፍ ይሁን ኪሳራ አልመርጥም። የእሱ ይሁን ብቻ።